ብወድቅ ማን ያነሳኛል

አልጣሽ ፈሪ ናት። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በጸሎት ቤታቸው ቆማ ስትመሰክር ራሷ የተናገረችው ነው። ሊፍት ትፈራለች፤ ውሻ ትፈራለች፤ የበር ደወል ሳታስበው ሲጮህ ደረቷን ትይዛለች። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ደጋግማ ተፈትና ደጋግማ የወደቀችውም መንዳት ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ፈታኙ አጠገቧ ቁጭ ሲል እጅና እግሯ ስለሚተሳሰር ነው። የመጨረሻው ፈታኝ ደግ ሰው ስለነበረ እያባበለ ቦታ ቀየራትና መኪናውን ራሱ ነድቶ መለሳት።

እንዲህ ያለች ሴት በአሜሪካዋ ከተማ በአውሮራ ጎዳናዎች ላይ ብስክሌት ትነዳለች ቢባል ማን ያምናል? ብስክሌትን ግን አትፈራም ነበር። ያደገችው ሐዋሳ ነው። የሐዋሳ መሬት ሜዳ ነው፤ ተማሪውም መምህሩም ዳቦ አመላላሹም በብስክሌት ነው የሚሄደው። አልጣሽ በልጅነቷ እየተከራየች ስትነዳ ስንት ጊዜ ተዘርራለች! በወደቀች ቁጥር ግን አንዱ መንገደኛ "እኔን!" ብሎ ይደርስላታል፤ ብድግ አድርጎ፣ አቧራዋን አራግፎ፣ የተጣመመ መሪዋን አቃንቶ ይሸኛታል። መውደቅ ማለት ለእሷ ይኸው ነበር።

ዲቪ ደርሷት ወደዚህ ስትመጣ ባሏ ካረፈ ቆይቷል። ይዛ የመጣችው አንዲት ልጇን ሔርሜላን ብቻ ነው። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ፣ ከኮልፋክስ ወረድ ብሎ ካለ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከታች ያለችው ጎረቤታቸው ጽጌረዳ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ትሸኝላታለች እንጂ በዚህ አገር አክስት፣ አጎት የሚባል የላቸውም። አልጣሽ የምትፈራቸው ነገሮች ሁሉ ቢጨመቁ የሚወጣቸው አንድ ነው፤ እኔ አንድ ነገር ብሆን ይህች ልጅ ምን ትሆናለች?

የምትሠራው ከሃቫና ጎዳና ማዶ፣ ሚሲሲፒ አካባቢ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። ሽማግሌዎቹን ከአልጋ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ገብታ ያደረችውን ሠራተኛ መሸኘት አለባት። ለብዙ ጊዜ የምትወስዳት የጸሎት ቤት እህቷ ሊሊ ነበረች። ሊሊ አየር ማረፊያ ዊልቸር መግፋት ስትጀምር "እኛ እያለን!" ያሉ ምዕመናን ተራ ገቡላት። አልጣሽ ደግሞ ሰው ማስቸገር እንደ ነቀርሳ የሚበላት ሴት ናት። ሰው አስጠብቃለሁ ብላ በጨለማ ወርዳ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲዘገይ ለመደወል ይሉኝታ ይይዛታል። አንድ ጠዋት ተረኛው እንቅልፍ ጥሎት ቀረ። ሌላ ጠዋት ሌላው ቀረ። በአውቶቡስ ልሂድ ብትል የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው ያመልጣታል። አለቃዋ ጠርታ፣ "አንድ ቀን እንኳ ደግመሽ ብትዘገዪ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" አለቻት።

ቤት ውስጥ ለሔርሜላ ተብሎ የተሰጠ፣ ለሔርሜላ ረዝሞ በረንዳ ላይ የቀረ ሐምራዊ ብስክሌት ነበር። አልጣሽ ኮርቻውን ዝቅ አድርጋ ወጣችበትና በፓርኪንጉ ዙሪያ ዞረች። እግሯ አልረሳም።

ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ የብስክሌት ካርታ አመጣች። በነጻ የሚሰጥ፣ ሲዘረጋ ጠረጴዛውን የሚሸፍን ካርታ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ አላቃታትም፤ የቀለሞቹን ትርጉም ከጥጉ ላይ አንብባ በደንብ ገብቷታል። አረንጓዴው መስመር መኪና የማይገባበት መንገድ ነው። ሰማያዊው ጭር ያለ የሰፈር ውስጥ መንገድ ነው። እንደ ኮልፋክስና ሃቫና ያሉት ትላልቅ ጎዳናዎች ቀለም አልተቀቡም። አረንጓዴውን በጣቷ ተከተለችው። ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ ከዴል ማር ፓርክ ይነሳና ሃይ ላይን በሚሉት የድሮ የውኃ ቦይ ዳር ዳር፣ በሰው ጓሮ ጀርባ እየተጥመለመለ መሥሪያ ቤቷ አጠገብ ያደርሳል። ስታየው ደስ አላት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ልታየው ሄደች። ደስታዋ እዚያው ቀረ። ቦዩ ደርቋል። ግራና ቀኝ ግንዳቸው የተሰነጣጠቀ ግዙፍ ዛፎች ቆመዋል። መንገዱ ታጥፎ ዛፍ ውስጥ ይገባል፤ ከታጠፈ በኋላ አይታይም። ሱቅ የለ፣ መብራት የለ፣ ሰው የለ። አልጣሽ ጥቂት እንደገባች ከኋላዋ ቅጠል ኮሽ አለ። ጸጉሯ ቆመ፤ ጫማዋን አውልቃ መሮጥ ነው የቀራት። ሰው የሌለበትን መንገድ ደህና ነው የሚሉት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? እሷ ባደገችበት አገር ሌባውም ጅቡም ክፉውም የሚጠብቀው ጭር ካለበት ነው። ልጅ ሲላክ እንኳ "ሰው ባለበት፣ ሰው ባለበት ሂጂ" ተብሎ ነው።

ስለዚህ ካርታውን ራሷ አረመችው። እስክሪብቶ ይዛ ኮልፋክስንና ሃቫናን ተከትላ ክብ ክብ አደረገች። እዚህ ጋ ጎሕ ሳይቀድ የሚከፍት ዳቦ ቤት አለ። እዚህ ጋ የኪዳኔ የሐበሻ ግሮሰሪ ነው። እዚህ ነዳጅ ማደያው ጋ ጋሽ ዑቕባይ ታክሲያቸውን አቁመው ሻይ ይጠጣሉ። ጋሽ ዑቕባይ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሰውን ሁሉ ልጄ የሚሉ ጎረቤት ናቸው። ካርታውን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት እንዴት እንዳትወድቅ ነበር። እሷ የጠየቀችው ብወድቅ ማን ያነሳኛል ብላ ነው። በየክቡ ውስጥ የሚያነሳት ሰው ስላለ ልቧ ትንሽ አረፈ።

በሃቫና የነዳችባቸው ሳምንታት ግን የእረፍት አልነበሩም። የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ወደ ጠርዝ ይገፋታል፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ወደ ራሱ ይስባታል። የመኪና መስታወት ክርኗን ሊነካ ምንም አይቀረው። አንዱ ጎረምሳ መስኮቱን ከፍቶ ጆሮዋ ሥር ጮኸባትና ሳቀ። መሪውን ጨምቃ ስለምትይዝ ሥራ ገብታ የሽማግሌዎቹን የልብስ ቁልፍ ለመቆለፍ ጣቶቿ እስኪፍታቱ ትጠብቃለች። ከቤት ከመውጣቷ በፊት የተኛች ልጇን የምትስማት እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ስማ ትመለሳለች፣ በር ላይ ደርሳ እንደገና ትመለሳለች። ቢሆንም ዳቦ ቤቱ መብራቱ በርቷል። ጋሽ ዑቕባይ ከማደያው እጃቸውን ያወዛውዙላታል። እሷም አንድ እጇን ከመሪው ለማንሳት ስለምትፈራ በአገጯ ሰላም ትላቸዋለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ጥቅምት ገብቶ ሲነጋ ገና ግራጫ ሳለ፣ ማደያው ጋ ልትደርስ ስትል አንድ ቢጫ መኪና ከኋላዋ መጥቶ አለፋት። አልፏት እንኳ ሳይጨርስ ድንገት ወደ ቀኝ፣ ወደ ማደያው ታጠፈ። አልጣሽ ፍሬን ያዘች። የፊት ጎማዋ ከመኪናው የኋላ በር ጋር ተጋጨ፤ እሷ በመሪው ላይ ተሽቀንጥራ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋች። የመኪናው የኋላ ጎማ ከፊቷ ሲቆም የላስቲኩ ሙቀት ጉንጯን ነካት። በዚያች ቅጽበት ያየችው ሔርሜላን ነው፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ በሩን ማን ይከፍትልኛል ብላ ቆማ።

ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ወረደ። "ማንን ነው? ማንን ነው የመታሁት?" እያለ መጣ። ጎንበስ ብሎ አያት።

ጋሽ ዑቕባይ ነበሩ።

"አልጣሽ? ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺ ነሽ?" አስፋልቱ ላይ አጠገቧ ቁጭ አሉ። "ራይት ተርን ሳደርግ ሚረር አየሁ እኮ! ምንም አልነበረም። በየቀኑ በዚህ እንደምታልፊ አውቃለሁ፤ እያወቅኩ አላየሁሽም!"

አነሷት። አቧራዋን አራገፉላት። ልክ እንደ ሐዋሳዎቹ መሪዋን በጉልበታቸው መሀል ይዘው አቃኑላት። አልጣሽ ግን አይዞሽ ሲሏት አልተጽናናችም። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ዓይናቸው እንዲያርፍባት የተማመነችባቸው አንድ ሰው እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ካላዩኝ ማን ያየኛል ስትል አሰበች። እሷንም ብስክሌቷንም በታክሲያቸው ወስደው ሥራዋ በር ላይ አወረዷት፤ በሰዓቱም ደረሰች። የተላጠ መዳፏን በጓንት ሸፍና ዋለች፤ ቤትም ገብታ አላወለቀችውም።

ለሔርሜላ ላትነግራት ቆርጣለች። ግን የሐበሻ ወግ ምስጢር አይችልም። ያን ዕለት ወደ ማታ ጋሽ ዑቕባይ የተጎዳ ሰው ሳይጠየቅ አያድርም ብለው ጁስና ሙዝ አንጠልጥለው ደወሉ። በሩን የከፈተችላቸው ሔርሜላ ናት።

"እናትሽን ልጠይቅ ነው፣ ልጄ። እንዴት ዋለች?"

"ማሚ? ሺ ኢዝ ፋይን። ምን ሆነች?"

አልጣሽ ከኩሽና ሆና በዓይኗ ብትጠቅስ፣ ጭንቅላቷን ብትነቀንቅ፣ ጋሽ ዑቕባይ ጸጸት ላይ ስለሆኑ የሚያዩት የለም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሹ ሁሉንም ዘረገፉት።

"በመኪናዬ ገጨኋት። እግዚአብሔር ባያተርፋት ከጎማዬ ሥር ነበረች። ሃያ ዓመት ታክሲ ስነዳ ሰው ነክቼ አላውቅም። እዚያ መንገድ ላይ ዓይናችን የሚፈልገው መኪና ነው፣ ልጄ፤ ሰው አይፈልግም። እውነቱን ልንገራችሁ? ብስክሌት ስንቱን አልፌ እንደሄድኩ አላውቅም፤ አላየኋቸውማ!"

ሔርሜላ እናቷን አየቻት፤ ጓንቱን አየችው፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አልጣሽ ተከትላት ገብታ "ምንም አልሆንኩም እኮ" ብትላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እንግዳው ከሄዱ በኋላ አልጣሽ ካርታውን ዘረጋች። ክቦቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። ዳቦ ጋጋሪው በምድጃው ላይ አጎንብሷል። ኪዳኔ ዕቃ ይደረድራል። ሁሉም ከወደቀች በኋላ ይደርሱላታል፤ ያኔ ግን የሚያነሱት ምኑን ነው? ወደ አረንጓዴው መስመር ተመለሰች። የዛፎቹ ጨለማ ትዝ አላት። ነገ በዚያ እሄዳለሁ ብላ ግን ወሰነች፤ ሥራዋን ካጣች ልጅቷን በምን ታሳድጋለች?

ዓርብ ጠዋት ከደረጃው ሥር የታሰረውን ብስክሌቷን ፈትታ ልትወጣ ስትል ሁለቱም ጎማ ተንፍሷል። ፊቱም ኋላውም ሙሽሽ ብሏል። መንፊያ የላት፣ ጊዜ የላት። ይህን ያደረገብኝ ማን ጠላት ነው ብላ ዙሪያውን ስታይ የፓርኪንጉ መኪና ሁሉ ሰው የተደበቀበት መሰላት። ይሉኝታዋን ዋጥ አድርጋ ለጋሽ ዑቕባይ ደወለች። ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው መጡ። መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ስትደርስ አለቃዋ ሰዓቷን እያየች ቆማ ነበር፤ አንድ ደቂቃ ብትዘገይ ነገሩ አልቆ ነበር።

ከሥራ ስትመለስ ሔርሜላን ጠየቀቻት። "ብስክሌቱን የነካ ሰው አይተሻል?"

ልጅቷ እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ሁለት ትናንሽ ጥቁር የጎማ ቫልቭ ክዳኖች አሉ።

"እኔ ነኝ" አለች። "እንዳትሄጂ ብዬ ነው።"

"ሥራዬን እኮ ላጣ ነበር! አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?"

"ሥራ ሌላ አለ!" ሔርሜላ ጮኸች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሲከፋት እንግሊዝኛው ይቀድማታል፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ ነው የጨረሰችው። "አንቺ ብትሞቺ እኔ የማን ነኝ? ንገሪኛ! የማን ነኝ?"

አልጣሽ ይህን ጥያቄ ለብቻዋ ተሸክማ የኖረች መስሏት ነበር። ልጅቷም ይህንኑ ተሸክማ፣ ጠዋት ስትሳም የተኛች እየመሰለች፣ ዝም ብላ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እቅፍ አድርጋት ሁለቱም አለቀሱ።

ቅዳሜ ጎማዎቹን ማደያ አስነፍተው፣ ካርታውን ይዘው ብስክሌቱን እየገፉ ወጡ። "ሌላ መንገድ አለ፤ አብረን እንየው" ብላ ነበር አልጣሽ፤ እንዲህ ያለችው እንደ ጀግና ነው። ዛፎቹ ውስጥ ሲገቡ ጀግንነቱ የት እንደገባ አይታወቅም። የወረቀት ያህል የቀለለ ቢጫ ቅጠል በየእርምጃቸው ይንኮሻኮሻል። ከቦዩ ማዶ አንድ ግራጫ አውሬ፣ ከውሻ ከፍ ያለ ቀበሮ ቢጤ፣ ቆሞ ያያቸዋል። አልጣሽ "በኢየሱስ ስም!" ብላ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበቻት። አውሬው ሰለቸውና ሄደ።

"ማሚ፣ እጄን አመመኝ።"

ለካ የልጅቷን እጅ እስኪነጣ ጨምቃዋለች። ለቀቀቻት።

"እዚህም ትፈሪያለሽ?"

ለልጇ ስትል አልፈራም ማለት ፈልጋ ነበር። ሐሙስ ግን ደብቃት ምን እንደተፈጠረ አይታለች።

"እፈራለሁ። ከዚያኛው ይልቅ ይኼኛው ያስፈራኛል" አለች። "ግን እዚህ ሊገለኝ የሚችለውን ስቆጥረው የለም። እዚያ ደግሞ ጋሽ ዑቕባይን የመሰለ ሰው እንኳ ሊገለኝ ነበር።"

ሔርሜላ አሰበች። ከኋላቸው የሚሮጥ ሰው ሲመጣ አልጣሽ ደንግጣ ወደ ጠርዝ ሸሸች፤ ሰውየው "ሞርኒንግ" ብሎ አለፈ። እስከ ሃቫና መሻገሪያ ድረስ ያገኙት ሰው እሱን ብቻ ነው። መሻገሪያው ላይ ሔርሜላ ቁልፉን ተጭና የእግረኛው መብራት ሲበራ እንኳ እናቷን በቀሚሷ ያዘቻት፤ የቆሙትን መኪናዎች ሾፌሮች አንድ በአንድ ዓይናቸውን እያየች አሻገረቻት። መጦሪያው ቤት በር ላይ ሲደርሱ፣ "መኪና ያየነው መሻገሪያው ጋ ብቻ ነው" አለች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ "ኦኬ። ግን እንደደረስሽ ደውይልኝ" አለች።

ሰኞ አልጣሽ ብቻዋን ገባችበት። ገና ደንገዝገዝ ያለ ነበር። የብስክሌቷ መብራት ከፊቷ ጥቂት ክንድ መሬት ብቻ ያሳያታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። ግንዱ ሁሉ የቆመ ሰው ይመስላታል። ከአፏ የሚወጣው መዝሙር መዝሙር አልነበረም፤ ጩኸት ነበር። ድምጿ ከዛፎቹ ተመልሶ ሲመጣባት ሌላ ሰው የሚከተላት መስሏት የባሰ ረገጠችው። ላብ አጥምቋት፣ ጉሮሮዋ ተሰንጥቆ ሃቫና ጋ ወጣች። መኪናዎቹ ቀይ ላይ እስኪቆሙ ጠበቀች፤ በእግሯ እየገፋች ተሻገረች። አንድም መኪና አልተጠጋትም፤ አንድም ሰው አልነካትም።

ብስክሌቷን እንኳ ሳታስር ስልኳን አወጣች። የቤቱ ስልክ አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

"ደረስሽ?" አለች ሔርሜላ።

"ደረስኩ።"

ከወዲያ በኩል ልጅቷ አፍናው የቆየችው ለቅሶ ፈነዳ። አልጣሽ እስክትደርስ ድረስ ስልኩን አቅፋ፣ ካፖርቷን ለብሳ፣ በር ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

"ነገም ትሄጃለሽ?"

"ነገም እሄዳለሁ፣ የኔ እናት።"

"ነገም እፈራለሁ።"

"እኔም" አለች አልጣሽ።

ከውስጥ ያደረችው ሠራተኛ በሩን ከፍታ በእጇ ጠራቻት። አልጣሽ አንድ ጣቷን አንስታ አንዴ ጠብቂኝ አለቻት፤ ልጅቷ ስልኩን እስክትዘጋ እሷም አልዘጋችም።